አምፖሎቹ የጠፉበት ሰዓት

በእኛ ሰፈር ዕቃ አስጠግኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ ዕቃህን ሠሪው ጋ ጥለህ አትሄድም። ሬዲዮም ይሁን የመኪና ሞተር፣ ሲፈታ ቁጭ ብለህ ታያለህ። አለበለዚያ ደህናው ወጥቶ የሌላ ሰው አሮጌ ይገባበታል። ራስህ መቀመጥ ካልቻልክ ሰው ታስቀምጣለህ። በ2002 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተቀመጥኩት ሰው እኔ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ቤታችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ አብራር ደጃፋችን ላይ ባለችው ሱቅ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ቤት ውስጥ እናቴ፣ ሁለት ታናናሾቼ፣ እኔና የአባቴ ታናሽ እህት አልፊያ እንኖራለን። እኔና አልፊያ የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሥራዋ ፎቶ ማንሳት ነው፤ እሱም የሰርግ፣ ያውም የሴቶቹን ወገን ብቻ።

በእኛ ሰርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። ከድንኳኑ መጋረጃ በስተጀርባ ሻርፕ ይወልቃል፣ ፀጉር ይለቀቃል፣ ይጨፈራል፤ ካሜራ የያዘ ወንድ ደጃፉንም አይረግጥም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ከአየር ጤና እስከ 18 ማዞሪያ ቢፈለግ ይህን ሥራ የያዘች ሴት ከአልፊያ ሌላ አልነበረችም። አንስታ ስትጨርስ የካሜራውን ካርድ አውጥታ ለሙሽራዋ እናት በእጇ ታስረክባለች። ለራሷ አንድም አታስቀርም። የሚጠሯት ፎቶዋ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ስለዚህም ጭምር ነው።

ካሜራዋ ትንሽ፣ ፍላሿ ትልቅ ነበር። ድሮ ተቀጥራ የምትሠራበት ፎቶ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ የሰጧት አሮጌ ፍላሽ ነው፤ እንደ መዶሻ ወፍራም እጀታ አለው፤ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ እጀታው ውስጥ ነው። ሲከፈት እንደ ትንኝ ይጮኻል። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ ለጆሮ ሲጠፋ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ መብራት ይበራል፤ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በዚያ ዓመት መብራቱ መዘግየት ጀመረ። መጀመሪያ አሥር ሰከንድ፣ ቀጥሎ ሠላሳ፤ በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ከበራ በኋላ ለአራተኛው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይወስድበት ጀመር። ቆጥሬዋለሁ። ያኔም መቁጠር እወድ ነበር።

የፊታችን እሑድ የወይዘሮ ሃጂራ ልጅ ታገባለች። ወይዘሮ ሃጂራ በሰፈሩ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ናቸው፤ ከልጃቸው ቀጥሎም አራት የእህትና የወንድም ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ። አልፊያን «የልጄን ፎቶ ልየው፤ ካማረኝ አራቱም ያንቺ ናቸው» ብለዋታል። በሌላ በኩል የአልፊያ ፓስፖርት አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ የቧንቧ ማጣበቂያ ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ወደ ዐረብ አገር የቤት ሠራተኛ የሚልከው ደላላ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቋል።

«ጋሼ፣ አምስቱን ሰርግ ካነሳሁ ከዚያ ወዲህ ሥራ አላጣም» አለችው አንድ ማታ ለአባቴ።

«ካነሳሽ።»

«አነሳለሁ።»

«ደላላውም ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን አይጠብቅም። እሑድ ያምር፣ ፓስፖርቱ እዚያው ይበስብስ። ካላማረ ግን ትሄጃለሽ፤ ሌላ ወሬ የለም።»

«እሺ። እሑድን እንይ።»

ዐረብ አገር የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው አልፊያ ከሄደች የአልጋዬ ግማሽ ባዶ እንደሚሆን ነው። ስለዚህ ያ ባትሪ ከማንም ይልቅ የእኔ ጉዳይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አልፊያ ፍላሹን በሻርፕ ጠቅልላ አየር ጤና ወዳለ ሠሪ ልትሄድ ተነሳች። ለእረፍት ትምህርት ቤት ተዘግቷል።

«ሰልሳቢል ትከተልሽ» አለ አባቴ።

«ምን ትሠራለች እዚያ? ትሰለቻለች።»

«ዕቃ ሲፈታ ሰው ይኑር።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ከወንበርሽ አትነሺ። አልፊያ ብትኖርም አትነሺ፣ ባትኖርም አትነሺ። ያየሽውን ማታ ለኔ ትነግሪኛለሽ፤ አንድም ሳታስቀሪ።»

«እጽፋለሁ» አልኩት። የሒሳብ ደብተሬን ያዝኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ የከበረ ሥራ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

የሠሪው ቤት ከአንድ ጋራዥ አጥር ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከአጥሩ ወዲያ መዶሻ፣ ከመንገዱ ወዲህ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፤ ንፋሱ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር በኩል ሲዞር ደግሞ ሠሪው በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይዘጋዋል። ስሙ ገመቹ ይባላል።

«ዛሬ ደግሞ ፖሊስ ይዘሽ መጣሽ?» አላት አልፊያን።

«የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሰልሳቢል።»

«ኢንስፔክተር ሰልሳቢል! እንኳን ደህና መጡ። እዚህ ይቀመጡ፤ ከዚህ ሁሉም ይታያል።»

«ዛሬ ደግሞ» ያለውን አልጻፍኩትም። ዕቃ አልነበረም።

አራት ብሎን በካቻቢቴ ፈታ። ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የመበየጃ ጠባሳ አለ፤ የምስር ፍሬ ያህል ሆኖ ይብለጨለጫል። ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል በጠርሙስ ክዳን ላይ ደረደራቸው። የእጀታውን ባትሪ መዝዞ አወጣና ወደ እኔ አሳየኝ።

«ባትሪው ወጣ አይደል?»

«አዎ።»

«አሁን ውስጡን ብነካው ምን ይሆናል?»

«ምንም።»

ሁለት ሽቦ የታሰረበት የቤት አምፖል አነሳና ሽቦዎቹን ፍላሹ ሆድ ውስጥ አስጠጋ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ጠፋ። እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ።

«አየሽ፣ ይሄ ዕቃ ቂመኛ ነው» አለኝ። «ባትሪውን ብትነጥቂውም ቂሙን ይዞ ይቆያል። መጀመሪያ ቂሙን ታስወጫለሽ፣ ከዚያ ትነኪዋለሽ።»

«እንደ ጋሼ አብራር በለኛ!» አለች አልፊያ። ወዲያው ወደ ደብተሬ ተመለከተች። «አንቺ፣ ይቺን እንዳትጽፊ።»

አልጻፍኩም። አባቴ ያዘዘኝ የዕቃውን ነው።

አሮጌው ባትሪ ሲላጥ ስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተበይደው ታዩ። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አብቅለዋል።

«ከመርካቶ ስምንት ግዢ» አላት።

«ስድስት አይደል የሚገባው?» አልኩ።

«የሚገባው ስድስት ነው፤ የሚገዛው ስምንት ነው» አለኝ። ምክንያቱን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት አንድ ሰውዬ ቴሌቪዥን ተሸክሞ «ወንድሜ፣ ቶሎ በለኝ፣ ታክሲ አስቁሜ ነው» እያለ ገባ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ደብተሬ ላይ «ስድስት ይገባል፤ ስምንት አስገዛ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

አልፊያ ከሰዓት በኋላ ስምንቱን ገዝታ አደረሰችለት። ሌሊቱን ቻርጅ አደረጋቸው። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አልፊያ እኔን እዚያ አድርሳ ድንኳኑ የሚተከልበትን ግቢ ልታይ ወደ ወይዘሮ ሃጂራ ቤት ሄደች። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስምንቱ አዳዲስ ድንጋዮች በአንድ ጣውላ ላይ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ላይ አንዳንድ የእጅ ባትሪ አምፖል ታስሮበታል፤ ስምንቱም ይበራሉ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለች፣ ማንም ብርሃን አልፈለገም።

«ለምንድን ነው የሚበራው?»

«እስኪጨርስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ባዶውን እንደገና እሞላዋለሁ።»

በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። ቤታችን አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሄዳል። መብራት በመጣ ቀን እናቴ ስልኩን፣ ፋኖሱን፣ የጎረቤቱንም ስልክ ሰክታ ትሞላለች፤ በጄሪካን እንደተቀዳ ውኃ ነበር የምንጠነቀቅለት። አንድ ሌሊት ሙሉ የተሞላ ባትሪ በጠራራ ፀሐይ ማፍሰስ በእኔ ዓይን ከነውርም በላይ ነበር። ግን ጠባቂ ነኝ፤ ሌባ እንደነቁበት ካወቀ ይጠነቀቃል ብዬ ዝም አልኩ።

ጣውላው ጥግ ላይ ማሰሪያው የተበጠሰ የእጅ ሰዓት አስቀምጧል። እሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ እኔም ደብተሬ ላይ። የመጀመሪያው አምፖል አምስት ከአሥር ላይ ጠፋ፤ ሁለተኛው አምስት ከሃያ አምስት ላይ። ሁለቱን ድንጋዮች ፈታቸው፤ የራሱን መሳቢያ ከፍቶ ከተታቸው። ስድስቱ እየበሩ ቀሩ።

ስድስት ይገባል፤ ስምንት አስገዛ፤ ሁለቱ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። ሒሳቡ ምንም አልጎደለውም።

አልፊያ ከዙሁር ሶላት በኋላ መጣች። ገመቹ ተነስቶ ደህናዋን ወንበር በእጅጌው ጠረገላት። አልተቀመጠችም፤ ሁለቱ ጣውላው አጠገብ ቆሙ። አራተኛው አምፖል ሰባት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ሲጠፋ ገመቹ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አላት፤ በኦሮምኛ ነበር። አልፊያ በኦሮምኛ መለሰችለት። ቋንቋውን እንደምትችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሳቀች። ቤት ውስጥ የምትስቀው ሳቅ አይደለም፤ ያኛው በእጇ የሚሸፈን ነው። አምስተኛው አምፖል ሰባት ከሃምሳ ሁለት ላይ ጠፋ። ሦስቱም የቀሩት ከስምንት ሰዓት አላለፉም።

«ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይደርሳል» አላት ስንወጣ። «እሑድ ቀኑን ሙሉ ብትተኩሺበት አይደክመውም።»

ከመግሪብ በኋላ አባቴ ራት እየበላ አጠገቡ አስቀመጠኝ። አልፊያ እናቴን ልታግዝ ማድ ቤት ናት።

«እህ፣ ኢንስፔክተር መባልሽን ሰማሁ። ንገሪኝ።»

ደብተሬን ከፍቼ በቅደም ተከተል አነበብኩለት። ስምንቱን በፀሐይ እንዳበራቸው። ሁለቱን መሳቢያው ውስጥ እንደከተታቸው። አባቴ «እህ» እያለ ይጎርሳል። «እህ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ አልፊያ መጣች። ወንበሩን በእጅጌው ጠረገላት። በኦሮምኛ አወሩ። አልፊያ ሳቀች።»

እጁ ከሳህኑ በላይ ቆመ።

«በምን ሳቀች?»

«አልገባኝም። ኦሮምኛ ነው።»

«ብዙ አወሩ?»

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አልኩ፤ አላሳፈርኩትም ብዬ ኮራሁ። «ከአራተኛው አምፖል እስከ አምስተኛው ድረስ።»

አባቴ እጁን ታጠበ። የቀረውን እንጀራ አልበላም። «ሌባ» አለ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ። ዓይን አለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሲያስር አልፊያ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ጠብቀው። የሚያደርገውን ያውቃል። እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«በምን አወቅሽ? ማን ነገረሽ?»

አልፊያ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ያየችው እኔን ነበር።

አባቴ ይዞኝ ሄደ፤ ምስክር ነኝ። ገመቹ ስድስቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሞልቶ ሊበይዳቸው አሰልፏቸዋል።

«የትኛው መሳቢያ ነው?» አለኝ አባቴ።

በጣቴ አሳየሁት። ገመቹ ሳይከራከር ከፈተና ሁለቱን ድንጋዮች ጣውላው ላይ አስቀመጣቸው።

«ይውሰዷቸው፤ የእሷ ናቸው። ግን እነዚህን እንዳያስገቧቸው ጋሼ። ደካማ ናቸው። ተሰልፈው ሲሠሩ ሌሎቹን ይዘው ይወድቃሉ።»

«ደካማ ከሆኑ ለምን ደበቅካቸው?»

«አልደበቅኩም። እንዳይደባለቁ ነው። ይኸው ሰዓታቸው» ብሎ ወረቀቱን ዘረጋለት። አባቴ አልተቀበለውም። ገመቹ ወደ እኔ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ አንቺም ጽፈሽ የለም? መጀመሪያ የጠፉት ሁለቱ መቼ እንደጠፉ አሳዪያቸው እስቲ።»

ደብተሬን ከጀርባዬ ደበቅኩት። ሌባ ሊያባብለኝ የሞከረ መሰለኝ።

«ሰልሳቢል፣ ውጪ ጠብቂኝ» አለ አባቴ።

ደጅ ላይ ቆሜ የሰማሁት ጥቂት ነው፤ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ይደልቃል። አባቴ «እሷ ወንድም አላት» ሲል ሰማሁ። እውነት ነው፣ ወንድም አላት፣ ወንድሟ ያሠራላታል ብዬ ተረጎምኩት። ገመቹ ሲመልስ ድምፁ አልተሰማኝም። አባቴ ፍላሹንና ስምንቱን ድንጋዮች በፌስታል ይዞ ወጣ።

በቀጥታ 18 ማዞሪያ ወዳለ ሌላ ሠሪ ሄድን።

«ከስምንቱ የትኞቹን ስድስት ላስገባ?» አለ ሠሪው።

«እነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ ይግቡ» አለ አባቴ። «የደበቃቸው ናቸው። ሰው መጥፎ ዕቃ አይደብቅም።»

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተበይዶ አለቀ፤ ለጁምዓ ሶላት ሳንዘገይ ደረስን።

እሑድ በሴቶቹ ድንኳን ውስጥ የአልፊያን ቦርሳ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ቻርጅ የተደረገው ፍላሽ እንደ ድሮው በርትቶ ጀመረ። እናቶቹን አነሳች፣ የሙሽራዋን ጓደኞች አነሳች፤ አርባ ያህል ቆጥሬያለሁ። አልፊያ በየመሃሉ ዓይኗን ወደ እኔ እየጣለች ፈገግ ትላለች። ከዚያ ሙሽራዋ እልልታ በእልልታ ሆኖ ገባች። መጋረጃው ተዘጋ፤ ሻርፑ ተገለጠ፤ ሙሽራዋ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። አልፊያ ቁልፉን ተጫነች።

ምንም አልበራም። የትንኙ ጩኸት ጀመረ፤ ግን አልቀጠነም። እንደታመመ ሰው ወፍሮ ያቃስታል። ብርቱካናማው መብራት አልመጣም።

«አንዴ ብቻ» አለች አልፊያ። «አንዴ ብቻ፣ እንዳትንቀሳቀሺ።»

ሙሽራዋ ፈገግታዋን ያዘች። ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ስልሳ ቆጠርኩ። የሙሽራዋ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልፊያ እጀታውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ ግሏል። ከሥሩ ጣቷን የሚያረጥብ ነገር ወጣ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ያለ ፍላሹ አነሳች፤ ድንኳኑ ጨለማ ስለሆነ የወጣው ጥላ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ሃጂራ ቀረብ አሉ። አልጮሁም። «ልጄ ስንት ጊዜ ሙሽራ የምትሆን መሰለሽ?» አሏት።

አራቱ ሰርጎች ለሌላ ሰው ተሰጡ፤ ከመርካቶ አንዲት ሴት አመጡ። ደላላው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አልፊያ በሰኔ ሄደች። የሄደች ዕለት አልጋው መሃል ላይ ተኛሁ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ጥጌ ተመለስኩ። ያንን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የገመቹ እንደሆነ አምን ነበር። መጥፎ ዕቃ ሸጦልን፣ ሲያዝ በእርግማን ያበላሸው መስሎኝ፣ በአየር ጤና ባለፍኩ ቁጥር በዚያች ቆርቆሮ ቤት ትይዩ እተፋ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን አንድ ባትሪ ላይ አምፖል አስሮ፣ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «እስኪጨርስ እንጠብቃለን» አለን። ባትሪ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚታወቀው ባዶ እስኪሆን በመለካት ብቻ ነው አለ። በተከታታይ ተያይዘው የሚሠሩ ከሆነ እኩል አቅም ያላቸው ይመረጣሉ፤ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ሌሎቹ በላዩ ላይ እየገፉ ይገድሉታል፤ እሱም ሥራውን ሁሉ ያቆማል። ለዚህም ነው ከሚያስፈልገው በላይ የሚገዛው። አምስት ከአሥር። አምስት ከሃያ አምስት። ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማስረጃው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በገዛ እጄ፣ በእርሳስ፣ ደብተሬ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

በዚያው ሳምንት አየር ጤና ሄድኩ። መንገዱ ሲሰፋ የጋራዡ አጥር ከነቆርቆሮ ቤቶቹ ተነስቷል። የጠየቅኳቸው ሰዎች ገመቹ የሚባል ሠሪ አያውቁም።

አልፊያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ተመለሰች። አሁን እዚያው አየር ጤና ሻርፕና ዐባያ ትሸጣለች፤ ከሱቋ ጀርባ ባለች ክፍል ትኖራለች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ትይዛለች። ካሜራ ነክታ አላየሁም። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሻርፕ ጠርዝ ስትቀምቅም አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አምፖሎቹን፣ መሳቢያውን፣ ከጀርባዬ የደበቅኩትን ደብተር፣ ራሴን የነቀነቅኩበትን።

«እኔ ነኝ ዐረብ አገር የላክሁሽ» አልኳት። «ባትሪውን እየፈተነው ነበር። እኔ ነኝ ጨረሰው፣ ሰረቀው ያልኩት።»

መርፌዋን አላቆመችም።

«ስለ ባትሪው መስሎሽ ነው?» አለች።

«ታዲያ በምን?»

«ባትሪውንማ አውቄዋለሁ። ረቡዕ ከመርካቶ መልስ ሳደርስለት አንድ በአንድ አስረድቶኛል። አባትሽም ቢሆን በባትሪ አይቸኩልም ነበር፤ የሱቅ ሰው ነው፣ ዕቃ እንደሚፈተን ያውቃል። ቧንቧ ሲገዛ አፉን አስጠግቶ ነፍቶ አይደል የሚገዛው?» ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። «ሳቀች አልሽው።»

የአባቴ እጅ ከሳህኑ በላይ የቆመበት ቅጽበት ወደ ቦታው ተመለሰ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አይቼዋለሁ፤ የት ላይ እንደቆመም አውቅ ነበር። እጁ የቆመው ስለ መሳቢያው ስነግረው እንደሆነ አድርጌ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

«እዚያ የተቀመጥሽው ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባሽም?» አለች። «ድንጋይ ልትጠብቂ አልነበረም።»

«ልትነግሪው ትችዪ ነበር። በሩ ላይ።»

«ማን ነገረሽ ሲለኝ ማን ልበለው?» ሌላ ሻርፕ አነሳች። «አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈራ። ሰው ምን ይላል ብሎ ፈራ፤ ኋላም ያደረገውን ፈራ። ስመለስ አየር ማረፊያ መጥቶ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ተሸከመ። ኮልፌ እስክንደርስ ከጭኑ ላይ አላወረደውም።»

«ገመቹን ፈልገሽው ታውቂያለሽ?»

«ፈልጌ ምን ልበለው?» አለች። ትንሽ ሰፋች። ከዚያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ተክላ ተወችው፤ ድምፏ እንደ ልጅ ሆነ። «ሰልሲ፣ መልኩን ታስታውሺዋለሽ?»

«መልኩን?»

«እዚያ አገር ሳለሁ ይዤው ነበር። ስንት ዓመት፤ ምግብ ስሠራ፣ ልብስ ስተኩስ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ጠፋብኝ፤ ስፈልገው ሌላ ሰው ይመጣብኛል። የስንቱን ሰው ፎቶ አንስቼ የእሱን አላነሳሁም። አንቺ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ ነበር። ካንቺ ሌላ ያየው ሰው የለኝም። ሲስቅ እንዴት ነበር?»

ሥራዬ ላይ እንደማደርገው በቅደም ተከተል ማስታወስ ጀመርኩ። ጣውላው አለ። ስምንቱ አምፖሎች አሉ፤ እስከ ዛሬ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደጠፋ አውቃለሁ። ማሰሪያው የተበጠሰው ሰዓት አለ። ብሎኖቹ ጠርሙስ ክዳን ላይ ናቸው። ወንበር የሚጠርግ እጅጌ አለ። ከእጅጌው ወደ ላይ ስወጣ፣ ከሸሚዙ አንገት በላይ ምንም የለም። አላየሁትም። ዕቃ አልነበረም።

አልፊያ ትጠብቃለች።

«እጁን አስታውሳለሁ» አልኳት።

«እጁንማ» አለች፣ መርፌዋን እየነቀለች፣ «እኔም አስታውሳለሁ።»